ላለፈ ትምህርት ምስክር ስለ መፈለግ

ከዋሽንግተን ከተማ ወንዝ ማዶ፣ በቨርጂኒያ አገር የሚኖር አንድ ዲያቆን በአርባ አምስት ዓመቱ ያቋረጠውን ትምህርት ለመፈጸም አሰበ። ይህ ሰው በሰንበት ቅዳሴ እየተራዳ፣ በሥራ ቀን ደግሞ ሌሊቱን በመኪና ማቆሚያ ቤት ትኬት እየቈረጠ፣ ሚስቱንና ሦስት ልጆቹን የሚያስተዳድር ነው። ትምህርቱንም የፈለገው ለክብር ብሎ አይደለም። እንግሊዝኛ የማያውቁ የአገሩ አሮጊቶች በሆስፒታል አልጋ ላይ ሆነው፣ የሚያናግራቸውና የሚጸልይላቸው ሰው አጥተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ሲመልሱ ብዙ ጊዜ አይቷልና፣ በዚያ አገር ቻፕለን የሚባለውን፣ ሕሙማንን የሚያጽናና አገልጋይ ለመሆን ፈቀደ። ለዚህ ሹመት ግን አስቀድሞ የባችለር ዲግሪ፣ ከዚያም በላይ የነገረ መለኮት ትምህርት ይጠየቃል። ዲያቆኑ ከ1991 እስከ 1993 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በአንድ ኮሌጅ አራት መንፈቅ ተምሮ፣ የዲቪ ዕጣ ስለ ደረሰው ሳይፈጽም ወደ አሜሪካ የተሻገረ ነበርና፣ የቀደመው ትምህርቱ እንዲቈጠርለት የውጤት ወረቀቱን በሰፈሩ ላለው ኮሌጅ አቀረበ።

መልሱ በጨዋ ቃል የተጻፈ ነበር። የትምህርቶቹ ስምና ነጥብ በወረቀቱ ላይ እንደሚታይ፣ ዳሩ ግን በእያንዳንዱ ትምህርት ውስጥ ምን እንደ ተማረ ከስሙ ብቻ ማወቅ እንደማይቻል፣ ስለዚህም በተማረበት ዓመት ኮሌጁ ያሳተመውን የትምህርት መግለጫ፣ ማኅተም ያለበትን፣ ከእንግሊዝኛ ትርጕም ጋራ እንዲልክ ይጠይቃል። ዲያቆኑ ደብዳቤውን ለሚስቱ አንብቦ፣ በሁለት ሳምንት የሚያልቅ ጉዳይ ነው አላት። የፈጀው ግን አሥራ አንድ ወር ነው።

ለማያውቅ ሰው ጥያቄው ከንቱ ማድከሚያ ይመስል ይሆናል። ግን ምክንያት አለው። በአሜሪካ የኮሌጅ ትምህርት የሚለካው ክሬዲት በሚባል መስፈሪያ ነው። ባለ ሦስት ክሬዲት ትምህርት ማለት በየሳምንቱ ሦስት ሰዓት፣ ለአሥራ አምስት ሳምንት ያህል በመምህር ፊት የሚቀመጡበት ሲሆን፣ ለባችለር ዲግሪ አብዛኛውን ጊዜ 120 ክሬዲት ያስፈልጋል። የዚህ መስፈሪያ ታሪክ ለሰሚ የሚያስገርም ነው። አንድሩ ካርኔጊ የተባለው የብረት ባለጸጋ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1905 ለኮሌጅ መምህራን የጡረታ ገንዘብ ይሆን ዘንድ 10 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። ገንዘቡን እንዲያስተዳድር የተቋቋመው ማኅበርም፣ የትኛው ኮሌጅ እውነተኛ ኮሌጅ እንደ ሆነ ለመለየት፣ ተማሪ ከመግባቱ በፊት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስንት ሰዓት መማር እንዳለበት በመስፈሪያ ወሰነ። ኮሌጆቹም የራሳቸውን ትምህርት በሰዓት መቍጠርን አጸኑ። እንግዲህ ዛሬ የአንድ ዲያቆን የግእዝ ትምህርት ስንት እንደሚመዝን የሚወሰንበት ሚዛን የተበጀው ሽማግሌ መምህራን በእርጅናቸው እንዳይራቡ ሲታሰብ ነበር።

ሰዓት ግን መጠንን እንጂ ይዘትን አይናገርም። በአንዱ ኮሌጅ «የቤተ ክርስቲያን ታሪክ» የተባለው ከሐዋርያት እስከ ኬልቄዶን ጉባኤ ሲሆን፣ በሌላው ስለ ሉተር ብቻ የሚናገር ሊሆን ይችላል። በአንዱ ቤት እንኳ በዓመታት መካከል ስሙ ሳይለወጥ ትምህርቱ ይለወጣል። ስለዚህ ኮሌጆች በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ ካታሎግ የሚባል መጽሐፍ ያወጣሉ፤ በእርሱም የእያንዳንዱ ትምህርት ቍጥር፣ ስም፣ ክሬዲት፣ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው ትምህርትና ከሦስት እስከ አምስት መስመር የሚሆን መግለጫ ይገኛል። ያረጀውንም አይጥሉትም፤ በቤተ መጻሕፍታቸው በየዓመቱ ደርድረው ያኖሩታል። ኮሌጁ ቢዘጋም ብዙ ጊዜ የተማሪዎቹ መዝገብ ለግዛቱ የትምህርት መሥሪያ ቤት ወይም ለሌላ ኮሌጅ ይተላለፋል። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ከ1996 ጀምሮ ደግሞ ኢንተርኔት አርካይቭ የሚባል ቤተ መጻሕፍት የድረ ገጾችን ቅጂ እየሰበሰበ ስለሚያኖር፣ ኮሌጁ ራሱ ያጠፋውን ገጽ እንኳ ከዚያ ማግኘት የሚቻልበት ጊዜ አለ። ዲያቆኑ የተማረበት ኮሌጅ ግን በዚያ ዘመን ድረ ገጽ አልነበረውም።

የመጀመሪያው መሰናክል ዘመን ነበር። ጕዳዩን የያዘችው ሹም ወረቀቱን አይታ፣ ትምህርቱ የተሰጠው በ1993 ከሆነ አመልካቹ ገና ልጅ ነበር፤ እንዴት ኮሌጅ ገባ ብላ ጠየቀች። እርሷ የቈጠረችው በራሷ አቈጣጠር ነበር እንጂ፣ የኢትዮጵያ 1993 ዓ.ም. በአውሮጳ ከ2000 መስከረም እስከ 2001 መስከረም ያለው ጊዜ መሆኑን አላወቀችም። በደንብ ያስረዳት ጊዜ ግን ተቀበለችው፤ ከዚያም በኋላ በፋይሉ ላይ ሁለቱን ዘመን ጎን ለጎን ጻፈችው። በዚህ ነገር የሚወቀሰው ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ጽፎ፣ ወረቀቱ ወደ ሩቅ አገር ሊሄድ እንደሚችል ያላሰበው ጸሐፊ ነው።

ሁለተኛው ከዚህ የከበደ ሆነ። ዲያቆኑ ሌሊት ከሥራው ላይ ሆኖ፣ በአዲስ አበባ ሲነጋ ወደ ኮሌጁ መዝገብ ቤት ስልክ መደወል ጀመረ። የመዝገብ ቤቷ ወይዘሮ ደግ ሰው ነበሩ።

«ልጄ፣ ነጥብህማ አለ፤ በትልቁ መዝገብ ተጽፎ በብረት ሣጥን ተቈልፎበታል» አሉት። «የትምህርቱን መግለጫ የያዘው መጽሔት ግን ቤት የቀየርን ጊዜ የት እንደ ገባ የሚያውቅ የለም።»

«እማማ፣ አንድ ቅጂ እንኳ አይገኝም ይሆን?»

«በኪሎ የተሸጠ ወረቀት ነበር። ምናልባት ከዚያ ጋራ ሄዶ ይሆናል።»

በኪሎ የተሸጠ ወረቀት በአዲስ አበባ ወዴት እንደሚሄድ የታወቀ ነው። ባለሱቅ ቈሎና ቅመም ይጠቀልልበታል። ነጥቡ በብረት ሣጥን የተጠበቀበት ምክንያትም ግልጽ ነው፤ ሰው የሚሰርቀውና የሚደልዘው ነጥብን ነውና። ትምህርቱ ምን እንደ ነበር የሚናገረውን መጽሔት ግን ሌባ ስለማይፈልገው ጠባቂም አላገኘም። ዲያቆኑ ወደ ወመዘክርም ሰው ልኮ ነበር፤ በ1936 ዓ.ም. የተከፈተው ያ ቤተ መጻሕፍት ብዙ የታተመ ነገር ቢያኖርም፣ ኮሌጁ ለራሱ ተማሪዎች ያባዛው መጽሔት በዚያ አልተገኘም። ከመምህራኑም ሁለቱ ዐርፈዋል፤ አንዱ በካናዳ አሉ ቢባልም አድራሻቸው አልታወቀም።

በዚህ ወራት ነው ዲያቆኑ በልቡ የጥንቱን ትምህርት ቤቱን ያሰበው። ከኮሌጅ በፊት በጎጃም ዘጠኝ ዓመት ቅኔ ቤት ኖሮ ነበርና፣ ከአንዱ መምህር ወደ ሌላው መምህር ሲሻገር ማንም ወረቀት አልጠየቀውም። በቅኔ ቤት እንግዳ ተማሪ አኮፋዳውን አንግቶ ሲመጣ መምህሩ ከየት እንደ መጣ፣ ከማን ዘንድ እንደ ቈጠረ ይጠይቁታል፤ ከዚያም ያንኑ ዕለት ቅኔ እንዲያቀርብ ያዙታል። የዋድላ፣ የዋሸራና የጎንጅ ቤት በአገባብ አካሄድ ይለያያሉና፣ በአንዱ ቤት የበረታ በሌላው ቤት ጥቂት ይደናበራል፤ ቢሆንም እስከ ሁለተኛው ሳምንት ድረስ ሰውየው ከየትኛው ማዕረግ እንደ ሆነ የማይታወቅ አይደለም። ምስክሩ በአፉ ውስጥ ነው። መምህሩ አፉን ያስከፍቱትና ያዩታል።

ግን ይህን ብቻ አስቦ የወረቀትን ሥርዓት የሚንቅ ሰው ቢኖር የገዛ ቤቱን ሥርዓት አልመረመረም። ድጓ የተማረ ሰው ሁሉ የድጓ መምህር አይሆንም። በጋይንት አገር ወዳለችው ወደ ቤተ ልሔም ወርዶ መመስከር አለበት፤ ስለዚህም ቦታዋ ምስክር ቤት ትባላለች። ለዝማሬና ለመዋሥዕት ደግሞ ዙር አባ አለች። ተማሪው ድጓውን በገዛ እጁ ጽፎ፣ ዜማውንም ምልክቱንም ከቤቱ ድጓ ጋራ እያስተያየ፣ በስሕተት የጻፈውን እየፋቀ ያርማል። እንግዲህ የአፍ ትምህርት ነው የሚባለው የዜማ ትምህርት እንኳ መጨረሻው ከአንድ ከታወቀ፣ ከማይነቃነቅ መጽሐፍ ጋራ መተያየት ነው። ያ ድጓ ከቤተ ልሔም ወጥቶ በኪሎ ቢሸጥ ኖሮ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ማን ይመስክርለት ነበር? ኮሌጁ ያጠፋው መጽሔት ለተማሪዎቹ እንደዚህ ያለ መጽሐፍ ነበር። የብራና አይደለም፤ ወርቅም አልተቀባም፤ ሥራው ግን አንድ ነው።

በስድስተኛው ወር ከደሴ ስልክ ተደወለ። በኮሌጁ አብሮት የተማረ አንድ መሪጌታ፣ ወሬውን ከሰው ሰምቶ ነው።

«ወንድሜ፣ ያን መጽሔት ትፈልጋለህ አሉ። እኔ ዘንድ አለ።»

«እንዴት ሆኖ ተረፈ?»

«ከበስተኋላው ባዶ ገጽ ነበረበት። ቅኔ ጽፌበት ነበር።»

መሪጌታው ተማሪ ሳለ ወረቀት አጥቶ፣ በየበዓሉ ያበረከተውን ቅኔ በመጽሔቱ ባዶ ገጾችና በየኅዳጉ ጽፎት ነበር። ስለ ቅኔው ብሎ ሃያ ዓመት ከሣጥኑ አላወጣውም። የትምህርቱን መግለጫ ግን ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ አላነበበውም።

በስልክ ፎቶግራፍ አንሥቶ የላከው ጊዜ ዲያቆኑ ገጹን ሁሉ በሌሊት እየገለጠ አነበበ። ደስታው ግን ምሉእ አልነበረም። 31ኛውና 32ኛው ገጽ ያለበት ቅጠል ተቀድዷል። በዚያ ቅጠል የነበሩት ሥነ ልቡናና ሥነ አመክንዮ ናቸው፤ ማለት በአሜሪካ ኮሌጅ ያለ ክርክር ይቈጠራሉ ብሎ ተስፋ ያደረገባቸው ሁለቱ ትምህርቶች። የቀረውም ቢሆን ሁሉ መልካም አልነበረም። የቅኔ ትምህርት መግለጫ እንዲህ የሚል ብቻ ነበር፦ የግእዝ ግጥም አጻጻፍ፤ ሁለት ክሬዲት። ይህን ያነበበ የባዕድ አገር ሹም ምን ሊረዳ ይችላል? ተማሪው ከሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ተነሥቶ በየደረጃው እስከ ስምንት ቤት መወድስ እንደሚወጣ፤ ሰሙን ከወርቁ ማስማማት እንዳለበት፤ ግሱና አገባቡ ሲሳሳት መምህሩ በጉባኤ እንደሚያርሙት፤ ከሁሉም በላይ ትናንት የተባለውን ዛሬ መድገም ነውር ስለ ሆነ በየቀኑ ዐዲስ ነገር ከልቡ እንዲያመነጭ እንደሚገደድ፣ ይህ ሁሉ በአራት መስመር ሊጻፍ ይቻል ነበር። መግለጫውን የጻፉት ሊቅ ቅኔን ለሚያውቅ ሰው ጻፉት። ቅኔን የሚያውቅ ሰው ግን መግለጫ አያስፈልገውም። የሊቃውንቱ ጥፋት ብዙ ጊዜ ይህ ነው፤ የበረታ ነገር ይዘው፣ ለእንግዳ የሚነግሩበትን ቃል እንደ ተራ ሥራ ይንቁታል።

ዲያቆኑ የተቀደደውን ቅጠል ነገር በመኪና ማቆሚያው አብሮት ለሚሠራ ለአገሩ ሰው አጫወተው። ሰውየውም ሳቀና፣

«ያ ገጽ ምን ይል እንደ ነበር ከአንተ በቀር ማን ያውቃል? ጽፈህ ጨምርበት» አለው። «ውሸት አይደለም፤ በእውነት ተምረኸዋል። የቅኔውንም ጥቂት አሳምረው።»

ይህ ምክር ክፉ ሰው የመከረው ምክር አልነበረም፤ ስለዚህም ከበደው። የሥነ ልቡና ትምህርቱን በደንብ ያስታውሳል፤ ምዕራፉን በየተራው መናገር ይችላል። አንድ ሌሊት መኪና ባነሰበት ሰዓት ወረቀት አወጣና፣ በመጽሔቱ አጻጻፍ ልክ፣ ከቍጥሩና ከክሬዲቱ ጋራ አራት መስመር ጻፈ። ከጻፈው ውስጥ አንድም የሐሰት ቃል አልነበረም። ወረቀቱ ሦስት ቀን በኪሱ ዋለ። ስድስት ክሬዲት ማለት ለእርሱ ሁለት የሌሊት ሥራ የሚቀርበት ትምህርት፣ የሚከፈል ገንዘብ፣ ከልጆቹ የሚለይበት ምሽት ነው፤ ትንሽ ነገር አይደለም።

በሦስተኛው ቀን ለሚስቱ አሳያት። እርሷም አንብባ፣

«መልካም ነው። ማኅተሙ የሚያርፈው ግን በማን ቃል ላይ ነው?» አለችው።

እርሱም ዝም አለ። ከዚያ በኋላ ያደረገው እንዲህ ነው። ትርጕሙን ሲያዘጋጅ በተቀደደው ስፍራ ገጹ እንደ ጎደለ ጻፈ፤ የቅኔውንም መግለጫ እንዳለ፣ በድህነቱ ተረጐመው። በስተመጨረሻ በልዩ ወረቀት፣ በገዛ ስሙና ፊርማው፣ እነዚህ ሦስት ትምህርቶች እንደ ትዝታው ምን እንደ ነበሩ ገለጸ፤ ቃሉ የተማሪው እንጂ የኮሌጁ እንዳልሆነም አስታወቀ።

ማኅተሙን ለማግኘት መሪጌታው ራሱ መጽሔቱን ይዞ ከደሴ አዲስ አበባ ወረደ። ወይዘሮዋ ገጹን ከነጥቡ መዝገብ ጋራ፣ የትምህርቱን ቍጥር በቍጥር እያስተያዩ፣ ሁለት ቀን ፈጅተው መረመሩት። በአንድ ትምህርት ቍጥሩ ተለያየባቸውና፣ መዝገቡ ትክክል መሆኑን እስኪያረጋግጡ ድረስ ማኅተም አላሳረፉም። ስለዚህ ምስጋና ይገባቸዋል፤ በአንድ ጧት አትመው ሊሸኙት ይችሉ ነበርና።

ውሳኔው በአሥራ አንደኛው ወር መጣ። ካቀረበው 68 ክሬዲት 39ኙ ተቈጠረለት። ሁለቱ የግእዝ ትምህርቶች የባዕድ ቋንቋ ግዴታውን ፈጸሙለት፤ ይህን አልጠበቀውም ነበርና እጅግ ደስ አለው። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ተቈጠረ። ቅኔ እንደ ማንኛውም የግጥም ትምህርት ሆኖ፣ ለዋናው ትምህርት ሳይሆን ለትርፍ ተያዘለት። ሥነ ልቡናና ሥነ አመክንዮ ግን አልተቈጠሩም። ሹሟ በገዛ እጁ የጻፈውን ወረቀት እንዳነበበችው፣ በፋይሉም እንዳኖረችው፣ ዳሩ ግን በእርሱ ላይ መወሰን እንደማትችል ጻፈችለት።

በመስከረም ትምህርት ጀመረ። የመጀመሪያው ትምህርቱ ሥነ ልቡና ሆነ፤ የልጅ ልጅ ሊሆኑት ጥቂት ከቀራቸው ልጆች ጋራ ተቀምጦ፣ የሚያውቀውን ምዕራፍ ከመጀመሪያው ይሰማል። መምህሩ በመጀመሪያው ምሽት የመንፈቁን ትምህርት ዝርዝር የያዘ ወረቀት ሲያድሉ፣ ከልጆቹ ብዙዎቹ በወንበራቸው ላይ ጥለውት ሄዱ። ዲያቆኑ በራሱ ወረቀት ላይ ቀኑን በሁለቱም አቈጣጠር ጽፎ ከቦርሳው ከተተው።

የመጽሔቱ ነገር ደግሞ በአዲስ አበባ ክርክር አስነሥቶ ነበር። ወይዘሮዋ፣ ከእርሱ ሌላ ቅጂ የለንምና እዚሁ ይቅር፤ በዚያ ዓመት የተማሩ ሌሎችም ይጠይቁናል አሉ። መሪጌታው፣ ቅኔዬን ትቼ አልሄድም አለ። በፎቶግራፍ አንሥተን እንስጥህ ቢሉትም አልወደደም። በመጨረሻ ወይዘሮዋ አንድ ዐዲስ ደብተር ከግምጃ ቤት አስወጥተው ሰጡት፤ እርሱም በመዝገብ ቤቱ መስኮት አጠገብ ተቀምጦ፣ ከጧት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቅኔውን ሁሉ ከየኅዳጉ ገለበጠ። ሲገለብጥም በሁለት ስፍራ የአገባብ ስሕተት አግኝቶ በደብተሩ ላይ አረመው፤ በመጽሔቱ ላይ ግን እንዳለ ተወው። መጽሔቱ አሁን ከነጥቡ መዝገብ ጋራ በብረት ሣጥኑ ውስጥ ነው።